ግድግዳው የሚያዝዘው ፈሳሽ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ዝግጅታችን ከጤና ኬላ ይነሳል። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ይዛ መጥታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ጣት በአልኮል ጠርጋ ወጋ ታደርግና ጥቂት ደም ትወስዳለች። የምትወስደው 5 ማይክሮሊትር ነው፤ የአንድ የውኃ ጠብታ አሥረኛ ያህል። ደሙን ነጩ የወባ መመርመሪያ የፕላስቲክ ካሴት ላይ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ ታስቀምጣለች፣ በሌላዋ ጉድጓድ ባፈር የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ከዚያ በኋላ አትነካውም። ጥቂት ቆይቶ ቀላ ያለ ጥላ በካሴቱ መስኮት ብቅ ይልና ነጩን ንጣፍ እያራሰ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይጓዛል።

ካሴቱ ውስጥ ባትሪ የለም። ፓምፕ የለም። ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ስለተቀመጠ ቁልቁለትም የለውም። ታዲያ ፈሳሹን የሚነዳው ምንድን ነው?

የሚነዳው የሚያልፍበት ቦይ ግድግዳ ነው። የቦዩን ግድግዳ የሸፈነው እጅግ ስስ ንብርብር ምን እንደሆነ ካወቅን ፈሳሹ ይሂድ አይሂድ፣ ይፍጠን ይዘግይ፣ መንገድ ላይ ይቅር አይቅር መናገር እንችላለን። በትልቅ ቱቦ እንዲህ አይደለም። ቤታችን የሚገባው የውኃ ቧንቧ ብረት ይሁን ፕላስቲክ፣ ውስጡ ከጸዳና ካልተዘጋ የውኃው መጠን ብዙም አይለወጥም። ቦዩ እየጠበበ ሲሄድ ግን ሥልጣኑ ከፈሳሹ ወደ ግድግዳው ይዛወራል። ዛሬ የምናወራው ይህ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ እናንተው ቤት የምትሠሩት ሙከራ ልንገራችሁ። ፈትል የሚፈተልበት ቤት ካላችሁ ወይም ከጎረቤት ካገኛችሁ፣ ተዳምጦ ከተነደፈው ባዘቶ ቁንጥር አድርጉ። ያልታጠበ፣ ያልተቀቀለ፣ እንዳለ ከእርሻ የመጣ ጥጥ መሆን አለበት። ከመድኃኒት ቤት ከተገዛው ጥጥም እኩል ቁንጥር አድርጉ። ሰፋ ባለ ሳህን ውኃ ቅዱና ሁለቱን ቀስ አድርጋችሁ ውኃው ላይ አስቀምጧቸው።

የመድኃኒት ቤቱ ጥጥ ወዲያው ይረጥብና ይሰምጣል። የአውሮፓ የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ እንዲያውም ይህን እንደ ፈተና ያስቀምጠዋል፤ ጥጡ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልሰመጠ ለቁስል ጥጥነት አያልፍም። ባዘቶው ግን ተንሳፎ ይቆያል። በጣታችሁ ጫን ብታደርጉት እንኳ ተመልሶ ብቅ ይላል። ብታወጡትና ብትነኩት ውስጡ ደረቅ ነው።

ሁለቱም ጥጥ ናቸው። የቃጫው ውፍረት አንድ ነው፣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ያለው ገጻቸው ላይ ነው። ጥሬ ጥጥ ከተክሉ ሲለቀም በስስ ሰም የተሸፈነ ነው። የሰሙ መጠን ከጥጡ ክብደት ከመቶ እጅ አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ ውኃን ለመከልከል ግን ይህቺው ትበቃለች። ለመድኃኒት ቤት የሚዘጋጀው ጥጥ በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ሰሙ ይወጣል። ከሰሙ በታች ያለው ሴሉሎስ ውኃን የሚወድ ነው። ስለዚህ ሰሙ እንደወጣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውኃን ወደ ውስጥ የሚስብ ቦይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብልህ አድማጭ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥሬ ጥጥ ፈሳሽ የማይጠጣ ከሆነ ከዚሁ ጥጥ የተገመደ የኩራዝ ክር እንዴት ላምባ ወደ ላይ ይስባል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የዛሬውን ጉዳይ ግማሹን ይይዛል። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ። የላምባ ሞለኪውሎች መያያዝ ግን ከውኃው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውኃ ሰም ሲያገኝ ከሰሙ ጋር ከመጣበቅ ይልቅ ወደ ራሱ ተሰብስቦ ድብልብል ይላል። ላምባ ግን የሰም ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ላምባው ሰሙ ላይ ተዘርግቶ ክሩን እየተከተለ ይወጣል። ግድግዳ ብቻውን አይፈርድም ማለት ነው። የሚፈርደው ግድግዳውና ፈሳሹ ሲገናኙ የሚፈጠረው ስምምነት ነው።

ይህን ስምምነት በአንድ ማዕዘን መለካት እንደሚቻል ያሳየው እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነው፤ በ1805። ጠብታ በአንድ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከዳር በኩል ብታዩት የጠብታው ጠርዝ ከገጹ ጋር ማዕዘን ይሠራል። የንክኪ ማዕዘን እንበለው። በደንብ በጸዳ መስታወት ላይ ውኃ ተዘርግቶ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ምጣድና መጥበሻ የሚቀባበት ቴፍሎን ላይ ግን 110 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ወሳኙ ቁጥር 90 ነው። ከ90 በታች ከሆነ ጠባብ ቦይ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከ90 በላይ ከሆነ ይገፋዋል፣ እናም ፈሳሹን ለማስገባት ከውጭ ግፊት መጨመር ግድ ይሆናል።

ምን ያህል ይስባል? ለዚህ ከያንግ ወደ 90 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1718፣ ጄምስ ጁሪን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መልስ ሰጥቷል። የውስጥ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውኃ ውስጥ ብታቆሙ ውኃው በራሱ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይወጣል። ስፋቱን አሥር ጊዜ ብታጠቡት ወደ 30 ሴንቲሜትር ይወጣል። እንደገና አሥር ጊዜ ብታጠቡት፣ ማለት ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ 10 ማይክሮሜትር ብቻ ስፋት ያለው ቱቦ ብታገኙ፣ ውኃው 3 ሜትር ሊወጣ ይችላል። ማንም ሳይገፋው።

እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ብትሞሉ ከቱቦው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው የውኃ ገጽ ከግማሽ ካሬ ሜትር ያነሰ ነው። ያንኑ አንድ ሊትር 10 ማይክሮሜትር በሚሰፉ ቱቦዎች ብታከፋፍሉት ግን ከግድግዳ ጋር የሚነካካው ገጽ 400 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ውኃው ያው አንድ ሊትር ነው፣ ክብደቱም ያው አንድ ኪሎ ነው። ከግድግዳው ጋር የሚያደርገው ድርድር ግን ሺህ ጊዜ በዝቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። ጁሪን ሐኪም ነበር። ያንግም ሐኪም ነበር። በቀጭን ቱቦ ስለሚያልፍ ፈሳሽ ዋናውን ሕግ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፕዋዜይም እንደዚሁ ሐኪም ነበር፤ ያሳሰበው ደም በቀጫጭን የደም ሥሮች እንዴት እንደሚያልፍ ነው። የፕዋዜይ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ግፊቱ ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ አይቀንስም፣ ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ግድግዳው አጠገብ ያለው ፈሳሽ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቆማል፣ የቆመው ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ይይዘዋል፣ ያም ቀጣዩን። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ከዚህ መያያዝ የሚያመልጥ ፈሳሽ የለም።

እንግዲህ ግድግዳው በአንድ እጁ ይስባል፣ በሌላ እጁ ይይዛል። የጤና ኬላዋ ካሴት የተሠራችው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አሁን ውስጧን እንመልከት።

በካሴቱ መስኮት የሚታየው ነጭ ንጣፍ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። የሚሠራው ከሴሉሎስ ነው፤ ከጥጥ ወይም ከእንጨት የተገኘ ሴሉሎስ በናይትሪክ አሲድ ታክሞ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስፖንጅ መሳይ ነው፤ ክፍተቶቹ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ይሰፋሉ። ፕሮቲንን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው የተመረጠው፤ የምርመራው ውጤት በሚታይበት መስመር ላይ ያሉት፣ የወባ ተውሳክን ፕሮቲን የሚይዙት ፀረ እንግዳ አካላት ቦታቸውን ሳይለቁ የሚቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን አሲዱ የሴሉሎስን ውኃ ወዳድነት ወስዶበታል። ናይትሮሴሉሎስ ብቻውን ቢሆን ውኃን በፈቃዱ አይቀበልም። ስለዚህ ፋብሪካው ከሳሙና ጋር የሚመሳሰል፣ አንድ ጫፉ ውኃን የሚወድ ሌላው ጫፉ ውኃን የሚጠላ ንጥረ ነገር በስሱ ይጨምርበታል። ከኮስቲክ ሶዳው ጥጥ ጋር አስተያዩት፤ እዚያ ሰም ወጥቶ ግድግዳው ተለወጠ፣ እዚህ ደግሞ ሳሙና መሳይ ነገር ገብቶ ተለወጠ።

ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ንጥረ ነገሩ ካነሰ ፈሳሹ ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታ ሳይረጥብ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ቦታቸውን አጥብቀው አይዙም። ከዚህም ሌላ ፍጥነት አለ። አምራቾች ይህን ንጣፍ የሚሸጡት ውኃ 4 ሴንቲሜትር ለመጓዝ በሚፈጅበት ሰከንድ እየለዩ ነው፤ ከ90 ሰከንድ እስከ 180 ሰከንድ ድረስ የተለመደ ነው። ፈጣኑ ውጤት ቶሎ ይሰጣል። ዘገምተኛው ግን በደሙ ውስጥ ያለው የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ከመስመሩ ጋር ለመገናኘት ጊዜ ስለሚያገኝ ጥቂት ተውሳክ ያለበትን ደም የመለየት ዕድሉ ይጨምራል። እኔ በበኩሌ ለወባ ከሆነ ዘገምተኛውን እመርጣለሁ፤ አንዲት እናት አምስት ደቂቃ ብትጨምር ይሻላል፣ ያልተገኘ ወባ ይዛ ወደ ቤት ከምትመለስ።

ፈሳሹ እየሄደ በሄደ ቁጥር ይዘገያል። ይህን ኤድዋርድ ዋሽበርን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1921 በሒሳብ አስቀምጦታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሴንቲሜትር በ10 ሰከንድ የተጓዘ ፈሳሽ አራተኛው ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ በጠቅላላው 160 ሰከንድ ይፈጅበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚስበው ኃይል ያለው ፊት ለፊት ባለው እርጥብ ጠርዝ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ኋላ የሚይዘው ሰበቃ ግን ከኋላ በረጠበው ርቀት ሁሉ ይጨምራል።

በአገራችን ወባ የሚያመጡት ተውሳኮች በአብዛኛው ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ስለዚህ ጤና ኬላዎቻችን የሚጠቀሙበት ካሴት ለሁለቱም መስመር አለው፣ ሦስተኛው ደግሞ የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። ለመስመሮቹ ቀዩን ቀለም የሚሰጡት እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልታየ ፈሳሹ በሚገባ አልተጓዘም ወይም ኬሚካሉ ተበላሽቷል ማለት ስለሆነ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ በሌላ ካሴት እንደገና ይሠራል።

እዚህ ላይ ለጤና ባለሙያ አድማጮቻችን ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ካሴቱ የታሸገበትን ፎይል ከምርመራው አስቀድሞ ከፍቶ ማስቀመጥ ጉዳት አለው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፤ እርጥበትና ሙቀት የንጣፉን ገጽም ፀረ እንግዳ አካላቱንም ያበላሻሉ። የግድግዳው ጠባይ ከተለወጠ ፍሰቱ ይለወጣል፣ ፍሰቱ ከተለወጠ ውጤቱ አይታመንም። ሁለተኛ፣ ጥቅሉ ላይ የተጻፈው የማንበቢያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚታይ ደብዛዛ መስመር መነበብ የለበትም። ንጣፉ መድረቅ ሲጀምር መጨረሻ ላይ ባለው መምጠጫ የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ የወርቅ ቅንጣት ይዞ ይመጣና ወባ የሌለበትን ሰው አለበት ያሰኛል። ካሴቱ ከነገ በስቲያ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ የሚታመነው በሰዓቱ የተናገረው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከካሴቱ እንውጣና ወደ ላቦራቶሪ እንሂድ። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የፀጉር ያህል ቀጭን ቦዮችን የሚሠሩት ፒዲኤምኤስ ከሚባል የሲሊኮን ጎማ ነው። ርካሽ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ በቀላሉ ይቀረጻል። ችግሩ ውኃን አይወድም፤ የንክኪ ማዕዘኑ 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በኦክስጅን ፕላዝማ፣ ማለት ቻርጅ በያዘ የኦክስጅን ጋዝ፣ ገጹን ያክሙታል። ከዚያ ውኃ ተዘርግቶ ይገባል። ነገር ግን አየር ላይ ከተተወ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ጎማው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ከውስጡ ያሉ ትንንሽ ሰንሰለቶች ወደ ገጹ እየወጡ የታከመውን ሽፋን ያለብሱታል። ትናንት ሲሠራ የነበረ መሣሪያ ዛሬ ፈሳሽ አልቀበል የሚለው በዚህ ነው። ውኃ ውስጥ ነክረው ካቆዩት ግን ጠባዩን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል።

በ2007 ደግሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን ወረቀት ላይ ውኃ የማያስገባ መስመር በመሥራት ፈሳሹ በመስመሮቹ መካከል ብቻ እንዲጓዝ አደረገ። እዚያ ግድግዳው የቆመ ነገር አይደለም፣ ወረቀቱ ውኃ መውደዱን ያቆመበት ድንበር ነው።

ግድግዳ ፈሳሽን የሚነዳበት ሌላም መንገድ አለ፤ በኤሌክትሪክ። መስታወት ውኃ ሲነካ ገጹ ላይ አሉታዊ ቻርጅ ይቀራል። በውኃው ውስጥ ያሉ አዎንታዊ አየኖች ወደ ግድግዳው ይሰበሰባሉ። የሚሰበሰቡበት ንብርብር እንደ ደም ጨዋማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ 1 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። አሁን በቦዩ ሁለት ጫፎች ኤሌክትሪክ ብታገናኙ እነዚህ አየኖች ይንቀሳቀሳሉ፣ ሲንቀሳቀሱ አጠገባቸው ያለውን ውኃ ይዘው ይሄዳሉ፣ ያም የመሃሉን ያስከትላል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሞስኮ ይሠራ የነበረው ፈርዲናንድ ሮይስ ነው። ውኃ በሸክላ አፈር ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍ ተመልክቶ ጽሑፉን በ1809 አሳተመ። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የፕዋዜይን ቅጣት ማምለጡ ነው፤ ቦዩ ቢጠብም የፈሳሹ ፍጥነት አይቀንስም።

ሁልጊዜ ግን አይፈለግም። የሰው ልጅ የዘረመል ቅደም ተከተል ሲነበብ፣ ሥራው በ2003 ተጠናቀቀ እስኪባል ድረስ፣ ዲኤንኤ በብዙ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ይጓዝ ነበር። ዲኤንኤ አሉታዊ ስለሆነ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይሄዳል። ግድግዳው የሚነዳው ፈሳሽ ግን ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳል። ሁለቱ ቢጋጩ ንባቡ ይበላሻል። መፍትሔው የቱቦውን ግድግዳ በፖሊመር መሸፈንና ቻርጁን ዝም ማሰኘት ሆነ። ከዚያ ታላቅ ሥራ ጀርባ ግድግዳን የማክበር ትዕግሥት አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነገርለት አልሰማም።

ከላይ ግድግዳው አጠገብ ያለው ፈሳሽ ተጣብቆ ይቆማል ብያለሁ። ይህ በዕለት ተዕለት ሕይወት እውነት ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክሎድ ሉዊ ናቪየ ግን በ1823 ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ጥቂት ሊንሸራተት እንደሚችል ጽፎ ነበር። ለረጅም ጊዜ መለካት አልተቻለም፣ ምክንያቱም መንሸራተቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ለስላሳና ውኃ በማይወድ ገጽ ላይ በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር። በቤታችን ቧንቧ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ቱቦው ራሱ በናኖሜትር የሚለካ ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

በ2016 ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የሚሠራ ቡድን በአንዲት የካርቦን ናኖቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ውኃ ለመለካት ቻለ። የመለኪያውን ጥበብ አስቡት፤ ግማሽ ስፋቱ 15 ናኖሜትር የሆነ አንድ ቱቦ ብቻ፣ ከጫፉ የሚወጣው ውኃ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በማየት። ውኃው በካርቦኑ ላይ ይንሸራተታል፤ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ሲነጻጸሩ፣ ቱቦው በጠበበ ቁጥር መንሸራተቱ ይጨምራል። በዚያ በ15 ናኖሜትሩ ጠባብ ቱቦ የመንሸራተቱ መለኪያ የሆነው የመንሸራተት ርዝመት ወደ 300 ናኖሜትር ደርሷል። ሒሳቡ ሲሠራ ፕዋዜይ ከሚጠብቀው 80 እጥፍ ገደማ ውኃ ያልፋል ማለት ነው።

ከዚያም ቡድኑ ሌላ ቱቦ ወሰደ፤ ከቦሮንና ከናይትሮጅን የተሠራ። አተሞቹ የተደረደሩበት ቅርጽ ከካርቦኑ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ካርቦኑ ስድስት ስድስት ማዕዘን ሠርተው የተያያዙ። ልስላሴውም ተመሳሳይ ነው። በዚህኛው ቱቦ ውኃው መንሸራተቱ ጨርሶ አልታየም። ቅርጹ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ውኃው ያው፤ የተለየው ግድግዳው የተሠራበት አተም ብቻ ነው።

ጠባቡ የካርቦን ቱቦ ከሰፊው የበለጠ የሚያንሸራትተው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ተመራማሪዎችን አስጨንቋል። በ2022 ከዚሁ ከፓሪስ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች አዲስ መልስ አቀረቡ። የውኃ ሞለኪውሎች ሲርገበገቡ በካርቦኑ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖችም አብረው ይርገበገባሉ፣ ይህም ውኃውን ወደ ኋላ የሚይዝ ሰበቃ ይፈጥራል። የቱቦው መጥበብ የካርቦኑን ንብርብሮች አደራደር ስለሚለውጥ የኤሌክትሮኖቹ ጠባይ ይለወጣል፣ ሰበቃውም ይቀንሳል። የውኃ ፍሰት ጥናት ከኤሌክትሮን ጥናት ጋር የተገናኘው እንዲህ ነው። የጨው ውኃን ለማጣራት የሚሠሩ የወደፊት ንጣፎች ላይ የሚደክሙ ሰዎች አሁን የቀዳዳውን ስፋት ብቻ አይጠይቁም፤ የቀዳዳው ግድግዳ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ እንደሆነም ይጠይቃሉ።

ውድ አድማጮች፣ የባዘቶውን ሙከራ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩትና ያያችሁትን ጻፉልን። ባዘቶውን በሳሙና ውኃ ብታደርጉት ምን እንደሚሆንም ተመልከቱ፤ መልሱን አልነግራችሁም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ባሕር ዛፍ ያለ ፓምፕ ውኃን ከሥሩ እስከ ጫፉ እንዴት እንደሚያደርስ እናወራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)